በስልካችን ያለው የሰው አደራ ነው

(በጅማ ለወጣት አባሎቻችን የተደረገ ንግግር፣ ሙሉ ቃል)

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡ፣ ከሰቃ፣ ከጌራ ተነስታችሁ ጅማ ለመጣችሁ፣ ይህንንም በገጻችን ላይ ለምታነቡ ሁሉ ክብረት ይስጥልኝ።

እኛ ስንሰበሰብ ስለ ዓድዋ እናወራለን፣ ስለ ባንዲራ እናወራለን። ደግ ነው፣ ይቀጥላል። ዛሬ ግን ወሬዬ ኪሳችሁ ውስጥ ስላለው ነገር ነው። እስቲ ስልካችሁን አውጡ። ጋለሪውን ክፈቱ፣ የወረዱ ፋይሎች ያሉበትን ክፈቱ፣ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የምታስቀምጡበትን ገጽ ክፈቱ። ከዚያ ቁጠሩ። የእናንተ ያልሆነ መታወቂያ ስንት አለ? የሰው የባንክ ደብተር ፎቶስ? ስም፣ ስልክ ቁጥርና ፊርማ የሰፈረበት ወረቀትስ?

ገና ከመቁጠራችሁ መሳቅ የጀመራችሁ አላችሁ። አውቃለሁ፣ ብዙ ነው።

ለምን እንደበዛም እናውቃለን። በቡና ከተሞቻችን ኮምፒውተር የሚችል አንድ ልጅ ካለ የሰፈሩ ሁሉ ጸሐፊ እሱ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአባላት ዝርዝር ሲተየብ እሱ ይጠራል። የእድሩ መዋጮ ሲመዘገብ እሷ ትጠራለች። የመሬት ይዞታ ደብተር ፎቶ ሲነሳ፣ የብድር ፎርም ሲሞላ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ ሲጻፍ፣ «የእገሌ ልጅ ትምጣና ታግዘን» ይባላል። ክፍያ የለውም። ቡና ይፈላል፣ ቁርስ ይቀርባል፣ ምርቃት ይወርዳል፣ በቃ። አባወራው ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ፎቶው ግን ስልክህ ላይ ይቀራል። ዓመት አልፎም እዚያው ነው።

ያ ሰው ደብተሩን ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚያስቀምጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በፌስታል ይጠቀልለዋል፣ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል፣ ሳጥኑን ይቆልፋል፣ ቁልፉን እማወራዋ አንገቷ ላይ ታስራለች። የዚያኑ ደብተር ቅጂ አንተ 1234 በሚከፈት ስልክ ይዘህ ሄርማታ ገበያ ውስጥ ትዞራለህ። ይሄ ነው ዛሬ የማወራው። አደራ ይባላል በእኛ ቋንቋ፤ በሙስሊሙ ቤት አማና ነው። በሁለቱም ቤት ቀልድ አይደለም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከድሮው ከብዷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ መሠረት ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫው ምንድነው? ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ ቁጥር ነው። ከአራት ሄክታር ለሚበልጥ ማሳ ዙሪያው በሙሉ ይለካል፤ ከዚያ ለሚያንስ አንድ ነጥብ ይበቃል። ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ያለው ነው፤ በስሌት ከአንድ ስንዝር ያነሰ ቦታ ማለት ነው። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢራዘምም ምዝገባው ግን ተጀምሯል። ስለዚህ በየቀበሌው ወጣቶች ታብሌትና ስልክ ይዘው ማሳ ለማሳ እየዞሩ ነው። የገበሬው ስም፣ የማሳው ነጥብ፣ የመሬቱ ስፋት፣ የዛፉ ብዛት፣ ስልክ ቁጥሩ፣ አንዳንዴም ፎቶው በአንድ ሰንጠረዥ ይሰፍራል።

ደንቡን ልወቅስም ላመሰግንም አልመጣሁም፤ ገበያችን ነውና መመዝገቡ ግድ ነው። ግን አስቡት። ጮጬ ላይ ቆመን «ቡና ከዚህ ተነሳ» እያልን በኩራት እንናገራለን። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ፣ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ለቡናችን ስም እንዲህ ታገልን። የቡናው ባለቤት ስም ግን የይለፍ ቃል በሌለው ኤክሴል ተሞልቶ በቴሌግራም ግሩፕ «ጌታዬ፣ የቀረውን አሟላው» እየተባለ ይዘዋወራል። ለየትኛው ነው ሀገር ወዳድነታችን?

«ቢወጣስ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ይጎዳል። ዝርዝሩ በእጁ የገባ ቡና ሰብሳቢ የትኛው ገበሬ ስንት ኪሎ እንደሚያገኝ፣ የትኛው ዕዳ እንዳለበት አውቆ ዋጋ ሊነጋገር ይመጣል፤ ገበሬው ካርታውን ዘርግቶ ሌላው ካርታውን ደብቆ እንደሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ክፍያ መቼ እንደሚከፈልና ለማን ስንት እንደሚደርስ ያወቀ ሌባ የሚጠብቅበትን ቀን አወቀ። አጭበርባሪም አለ፤ «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ ሙሉ ስም ከነአያት ሲጠራ እናትህ ታምነዋለች። ከሁሉ የሚከፋውን ደግሞ መናገር አልወድም ግን እናገራለሁ፦ በሀገራችን ስም ብዙ ይናገራል። ሃይማኖት ይናገራል፣ ብሔር ይናገራል። ስምና የቤት መገኛ አንድ ላይ የሰፈሩበት ዝርዝር በሰላም ቀን የቡና መዝገብ ነው። በክፉ ቀን ምን እንደሚሆን ያለፉትን ዓመታት የኖረ ሰው አይጠይቀኝም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአምስቱ ዓመት ወረራ ጣሊያን ጅማችንን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ነበር። በየከተማው የነበሩት የውስጥ አርበኞች ጠላት መካከል እየኖሩ ለጫካው አርበኛ ወሬ፣ መድኃኒት፣ ጥይት ያቀብሉ ነበር፤ ሸዋረገድ ገድሌን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እነዚያ ሰዎች የያዙት ምስጢር የራሳቸው ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የያዙት ዱር ያለውን ሰው ሕይወት ነው። ጀግንነታቸውን ስንዘክር ተኩሱን ብቻ ነው የምናነሳው፤ አፍ መዝጋቱን እንረሳለን።

ወደ ዘመናችን ልምጣ። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም የሚጽፉ ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች መታሰር ጀመሩ። ስሙን ያወጡት ከቃሊቲ ነው፤ ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ከግንቡ ውጪ ያለነው ሁላችን ነን ማለታቸው ነበር። በውጭ ያለችውን ጨምሮ አሥሩም በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652/2001 ተከሰሱ። ክሱ ውስጥ ምን ነበር መሰላችሁ? «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የሚባል ሥልጠና መውሰዳቸው። ይህ እኮ በማንም እጅ ያለ፣ በነፃ የሚገኝ መመሪያ ነው፤ ጠንካራ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ፣ ፋይል እንዴት እንደሚመሰጠር፣ ኮምፒውተርን ከቫይረስ እንዴት እንደሚጠብቁ ያስተምራል። እኔ አሁን የምነግራችሁን ማለት ነው! አምስቱ በ2007 ክረምት ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ። የቀሩት ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ፤ በአንዱ ላይ ብቻ ሌላ ክስ ቀረ። ከአንድ ዓመት በላይ ግን ታስረዋል።

ይህን ያነሳሁት ላስፈራችሁ አይደለም። ከፍርዱ በኋላም «ኢንክሪፕሽን» የሚለውን ቃል ሲሰማ ትከሻውን የሚያጠብ ወጣት ስላለ ነው። ያ አዋጅ በ1176/2012 ተተክቷል። ዛሬ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ የሰው መረጃ የሚሰበስብ ሊጠብቀው ግዴታ አለበት ይላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008ም ያለ ፈቃድ የሰው ፋይል መክፈትን ወንጀል ያደርጋል። ስለዚህ የገበሬውን ዝርዝር ብትቆልፈው ሕግ ፊት የምትደበቅ ሰው አይደለህም፤ የተሰጠህን አደራ የምትጠብቅ ሰው ነህ።

ሁለተኛው ታሪክ በተለይ እኛን ይመለከታል፣ ጆሮ ስጡኝ። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2013 ላይ ፊንስፓይ ስለሚባል የስለላ ፕሮግራም አንድ ጥናት አወጣ። ፕሮግራሙ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚነጋገረው ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ነበር። ወጥመዱ ምን ነበር? የግንቦት 7 አባላት ፎቶ! ፎቶ መስሎ ይመጣል፣ ይከፈታል፣ ፎቶውንም ታያለህ፤ ከጀርባ ግን ሌላ ነገር ገብቷል። በዚያው ጊዜ በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል ስም የታወቀ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በወርድ ፋይል በኩል ኮምፒውተሩ ተይዞ የስካይፕ ጥሪዎቹ ለወራት ተቀድተዋል። ከሰሰ፤ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2017 የውጭ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ብሎ ዘጋው።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። አያችሁ፣ ወጥመዱ የሚሠራው ከምትወደው ነገር ነው። ሀገር ወዳድ ለሆነ ሰው ስለ ሀገር የሚናገር ፋይል ይላክለታል። «አስቸኳይ፣ የንቅናቄው ምስጢራዊ ደብዳቤ፣ ሳይጠፋ አውርዱት» የሚል ነገር በውስጥ መስመር ቢመጣላችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው ላኪው ነው፤ ደውላችሁ፣ ድምፁን ሰምታችሁ። ገጻችን ለማንም በውስጥ መስመር ፋይል አይልክም። በገጻችን ስም ከመጣላችሁ ከእኛ አይደለም።

ደግሞ የሚያስቅም አለ። እዚያው ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሌላ ጥናት፣ ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ፕሮግራም በውጭ ያሉ ኦሮሞ አክቲቪስቶችና ሌሎች ኢትዮጵያውያን መሰለላቸውን አሳየ። የሚላከው ሊንክ ቪዲዮ ለማየት «ፍላሽ ፕሌየርን አድስ» የሚል ሐሰተኛ ገጽ ይከፍታል። ተመራማሪዎቹ እንዴት ደረሱበት? ሰላዮቹ የተሰለሉትን ኮምፒውተሮች መዝገብ የሚያስቀምጡበትን ፋይል ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ክፍት አድርገው ትተውት ነበር! የሰው በር ሲሰብር የራሱን በር የረሳ። ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ይዘው ፋይል መቆለፍ ረሱ። እንግዲህ የእኛ ቸልታ ቢብስ አይደንቅም።

እሺ፣ ወደ ሥራው። 

በጅማ ፋይል የሚፈስበት ቦታ ከሰላይ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያሉትን አስቡ። ፍላሽህን ትሰጣለህ። ልጁ ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ገልብጦ ይከፍተዋል፣ ያትማል፣ ትከፍላለህ፣ ፍላሽህን ነቅለህ ትሄዳለህ። ፋይሉ ዴስክቶፑ ላይ ነው። ከኋላህ ያለው ሰው ያየዋል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሰልፍ አለበት። ቢያጠፋው እንኳ የጠፋ ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት በነፃ ፕሮግራም ይመለሳል። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄድ የሚታተመውን ገጽ ብቻ በሌላ ባዶ ፍላሽ ያዝ። የማኅበሩ መዝገብ ያለበትን ፍላሽ የሰው ኮምፒውተር ላይ አትሰካ፤ ቫይረሱም ከዚያ ነው የሚመጣው፣ ፎልደርህን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ የሚሰጥህ።

ሞባይል ጥገና ቤትም እንዲሁ። ስክሪን ተሰበረ፣ ሰጠህ፣ «ፓተርኑን ጻፍልኝ» አለህ፣ ጻፍክ። ነገ እመጣለሁ ብለህ ሄድክ። ያ ስልክ ሌሊቱን የት አደረ? ስክሪን ለመቀየር ፓተርን ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ለመፈተሽ ካስፈለገ አጠገቡ ቆመህ ራስህ ክፈትለት። ሚሞሪ ካርዱንና ሲሙን አውጥተህ ስጠው። ሚሞሪ ካርድ ብዙ ጊዜ አልተመሰጠረም፤ ሌላ ስልክ ላይ ሲሰካ እንደ ክፍት መጽሐፍ ይነበባል።

ስልኩ ራሱ ግን ጥሩ ዜና አለው። አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይዘው የወጡ ስልኮች የውስጥ ማከማቻቸውን የሚመሰጥሩ ናቸው። አብዛኞቻችሁ ሳታውቁት ይህ አላችሁ። ቁልፉ የናንተ ፒን ነው። ፒን ከሌለው ወይም 0000 ከሆነ ሳጥኑ ብረት ሆኖ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። አራት አሃዝ 10,000 አማራጭ ብቻ አለው፤ ስድስት አሃዝ 1,000,000። የተወለድክበትን ዓመት ካደረግክ ግን ፊትህን ያየ ሰው በሃያ ሙከራ ያገኘዋል። ፓተርን ደግሞ የጣት ቅባቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ወደ ብርሃን አዘንብሎ ማየት ነው።

ለፋይል የሚሆነው የይለፍ ቃል ከስልክ ፒን በጣም ይለያል። ስልክ ደጋግመህ ስትሳሳት ይቆልፍሃል። ፋይል ግን አንዴ በሰው እጅ ከገባ ኮምፒውተሩ ቀንና ሌሊት ሳይደክም ይገምትበታል፣ ማንም አይከለክለውም። ስለዚህ ረጅም መሆን አለበት። «ጅማቡና2016» ብለህ ብልህ የሆንክ እንዳይመስልህ። ምንም የማይገናኙ አምስት ስድስት ቃላት ውሰድ፦ ጀበና፣ መሰላል፣ ዝናብ፣ ቀበሮ፣ ሳሙና። በላቲን ፊደል አያይዘህ ጻፈው። ለአንተ ሥዕል ነው፤ ቀበሮ መሰላል ላይ ወጥታ በዝናብ ጀበና በሳሙና ስታጥብ ይታይሃል፣ አትረሳውም። ለማሽን ግን መከራ ነው። (ይሄንን ራሱን እንዳትወስዱት፣ ሰው ሁሉ ሰምቶታል!) ቃላቱን ከጭንቅላትህ አትምረጥ፣ ጭንቅላታችን ሁልጊዜ የሚወደውን ነው የሚያመጣው፤ መጽሐፍ በዘፈቀደ ግለጥና ጣትህ ያረፈበትን ውሰድ። ከመዝሙር፣ ከግጥም፣ ከታዋቂ አባባልም አትውሰድ።

አሁን ኤክሴል። ብዙ የማኅበር ጸሐፊ «ፕሮቴክት ሺት» የሚለውን ተጭኖ ቆልፌዋለሁ ይላል። አልቆለፈም! ያ የሚከለክለው ማስተካከልን ነው፣ ማንበብን አይደለም፤ መከልከሉንም በቀላሉ ማንሳት ይቻላል። ትክክለኛው ቦታ ፋይል ውስጥ ገብታችሁ፣ ኢንፎ፣ ከዚያ ፕሮቴክት ወርክቡክ፣ ከዚያ «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ» የሚለው ነው። ወርድም ተመሳሳይ ነው። ፋይሉ በድሮው የ97-2003 ዓይነት ከተቀመጠ ምስጠራው ደካማ ስለሆነ በአዲሱ ዓይነት አስቀምጡት።

ብዙ ፋይል፣ ፎቶና ፒዲኤፍ አንድ ላይ ለመቆለፍ ሰቨን ዚፕ ይበቃል። ነፃ ነው፣ ትንሽ ነው። ፎልደሩን በቀኝ ተጭናችሁ ወደ መዝገቡ ጨምር የሚለውን ስትመርጡ የይለፍ ቃል ሁለት ጊዜ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ዓይነቱን ሰቨን ዜድ አድርጉት፣ «ኢንክሪፕት ፋይል ኔምስ» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ይህን ካላደረጋችሁ ውስጡ ባይነበብም የፋይሎቹ ስም ይነበባል፤ «የዕዳ ዝርዝር 2017» የሚል ስም በራሱ ወሬ ነው። ምስጠራው ኤኢኤስ 256 የሚባለው ነው፤ ባንኮችም መንግሥታትም የሚጠቀሙበት። ከዚያ ያልተቆለፈውን ቅጂ ማጥፋት አትርሱ። በሩን ቆልፎ መስኮቱን የሚከፍት ብዙ ሰው አለ። በየቀኑ የምትሠሩበት ሙሉ ፎልደር ካላችሁ ቬራክሪፕት ይሻላል፤ እሱን ሌላ ቀን በተግባር እናሳያለን።

የተቆለፈውን ፋይል በቴሌግራም ላኩት፣ ግድ የለም። የይለፍ ቃሉን ግን በዚያው ቴሌግራም ከሥሩ ጽፋችሁ እንዳትልኩ! ይሄ እኮ ሳጥኑን ከነቁልፉ መላክ ነው። ደውላችሁ በቃል ንገሩ። ስለ ቴሌግራም ደግሞ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ብዙዎቻችን ምስጢራዊ ነው ብለን እናምናለን። የተለመደው ቻትና ግሩፕ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው። ሲግናልና ዋትስአፕ ግሩፑንም ይመሰጥራሉ፤ የዋትስአፕ ባክአፕ ግን ለብቻው ምስጠራ ካልተከፈተለት ያው ነው። ቴሌግራማችሁ ላይ የሁለተኛ ደረጃ የይለፍ ቃል ዛሬውኑ አብሩ። «በስህተት ወደ አንተ ኮድ ተልኮብኝ ነው፣ ንገረኝ» እያሉ አካውንት የሚነጥቁት እሱ ስለሌለ ነው።

እዚህ ጋ እውነቱን ልናገር፤ ይህ ሁሉ የማይችለው ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰላይ ፕሮግራም ከገባ ስትተይብ ያነበዋል፤ ኪዳኔን የይለፍ ቃል አያድነውም ነበር። ስልክህ ተከፍቶ እጅህ ላይ እያለ ከተወሰደ ተከፍቶ ነው የተወሰደው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ዘገባ በዚያ ዘመን በምርመራ ወቅት የተጠለፈ የስልክ ንግግር ለታሳሪዎች ይሰማ እንደነበር ጽፏል። ሰው ሰው ነው፣ ሲጨነቅ ይናገራል። የለህበትን ነገር ግን ማንም ሊያወጣብህ አይችልም። ስለዚህ ከሁሉም ምስጠራ የሚበልጠው አለመያዝ ነው። የብድር ፎርሙ ገባ? መታወቂያውን አጥፋው። ስብሰባው አለቀ? የተሰብሳቢ ስልክ ቁጥርና ፊርማ ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ለምን አስፈለገ? ስብሰባው መካሄዱን የአዳራሹ ፎቶ ይናገራል። የፋይዳ ቁጥርማ ለማንም አይለጠፍም። ንቅናቄያችንም ከእናንተ የማያስፈልገውን አይጠይቅ፤ የአያት ስምና የቤት ቁጥር የሚጠይቅ ፎርም ከመጣላችሁ «ለምን?» በሉ፣ የእኛም ቢሆን። ምላሽ ካላገኛችሁ ባዶውን ተዉት።

ሌላው አደጋ ከሌባ አይመጣም፣ ከራስ ነው። የተመሰጠረ ፋይል ቁልፉ ከጠፋ ጠፋ። የሚደወልለት ቢሮ የለም፣ «ረሳሁት» የሚል ቁልፍ የለውም። እስቲ አስቡት፦ የማኅበሩ ጸሐፊ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሁሉን በደንብ ቆለፈ፣ ከዚያ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ። የቡናው ወቅት ጥቅምት ላይ ደረሰ፣ ቀይ ፍሬ ይዘው አባላቱ ሚዛን ፊት ተሰለፉ፣ መዝገቡ አይከፈትም። ከመሰረቁ በምን ይሻላል? መፍትሔው ወረቀት ነው። የይለፍ ቃሉን በእጅ ጻፉ፣ በፖስታ አሽጉ፣ ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ በላዩ ይፈርሙ፣ ከማኅተሙ ጋር ካዝና ይግባ። ፖስታው ተከፍቶ ከተገኘ የይለፍ ቃሉ ይቀየራል። የተቆለፈው ፋይልም በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ የታመነ ሰው ጋ። ቁልፍ ስለሆነ ያ ሰው ሊያነበው አይችልም፣ ሊያስቀምጠው ግን ይችላል።

ከመግባቴ በፊት አንዲት ከጌራ የመጣች እህት «እኔ ኮምፒውተር የለኝም፣ ያለኝ ይቺ ስልክ ናት፣ ይሄ ሁሉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ትክክል ናት፣ አብዛኞቻችን እንደሷ ነን። እህቴ፣ መጀመሪያ ፒንሽን ስድስት አሃዝ አድርጊው። ከዚያ የጉግል «ፋይልስ» አፕ ውስጥ «ሴፍ ፎልደር» የሚባል አለ፣ ሳምሰንግ ከሆነ «ሲኪዩር ፎልደር»፤ የሰዎቹን መታወቂያና ደብተር ፎቶ ከጋለሪ አውጥተሽ እዚያ አስገቢው፣ ልጆች ጌም ሲጫወቱበት አያገኙትም። ለሰው መላክ ሲኖርብሽ ዚአርካይቨር የሚባለው አፕ ስልክ ላይ ሰቨን ዜድ ከነይለፍ ቃሉ ይሠራል። የሴፍ ፎልደሩን ፒን ከረሳሽው ግን ማንም አይመልስልሽም፣ ወረቀት ላይ ጽፈሽ የእናትሽ ሳጥን ውስጥ አድርጊው።

ሻይ ከመጠጣታችን በፊት ኮምፒውተር የያዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ አብረን እንሞክረዋለን። ሰቨን ዚፑን በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ፍላሹን ግን ከመክፈታችሁ በፊት በአንቲቫይረስ ፈትሹት፣ የእኔም ቢሆን።